መጋረጃ የተባለው ሰው

አባቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች።

ሰኞ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ ፓሎ አልቶ፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት። ብሩክታዊት የቀዶ ጥገና መቀሶችን ከማጠቢያ ማሽን እያወጣች ትደረድራለች። የሥራ ባልደረባዋ ቲቲ ከኋላ መጣችና አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰካችላት።

"ስሚማ ይቺን! ቴክኖ ነው፣ ግን የኛ ከበሮ አለበት። ሰው ሁሉ አብዷል በሱ።"

ከበሮው ሦስት ጊዜ ተመታ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሰው "እህም" አለ፤ ዜማ ሊያነሳ እንደሚዘጋጅ ሰው፣ አጠር አድርጎ። ከዚያ ከባዱ የማሽን ምት ገባ።

መቀሱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። የወደቀ ዕቃ እንደገና ይታጠባል፤ ደንቡ ነው። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ማንሳቱንም ረሳችው። ያ "እህም" የአባቷ የመሪጌታ ሰረቀብርሃን ነው። የቀዳችው ራሷ ናት። ከሦስተኛው ምት በኋላ እንዲገባ ያደረገችውም ራሷ ናት።

"ማነው የሠራው?" አለች።

"ማንም አያውቅም። 'መጋረጃ' ነው የሚባለው። ፈርስት አልበሙ ነው። ቅዳሜ ኦክላንድ ውስጥ ፌሱን ሪቪል ያደርጋል አሉ። ምነው? አመመሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

ደህና አልነበረችም። ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቆልፋ ስምንቱንም ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማች። ስምንቱም የሷ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውም የሷ ነው። የሰረቃት ሰው አንዲት ምት ለመቀየር እንኳ አልደከመም።

አራት ዓመት የሠራችበት ነበር። ከሥራ መልስ፣ በተከራየችው ክፍል፣ ድምፅ እንዳይወጣ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁማ። ባለፈው ፌብሩዋሪ አንድ ቅዳሜ፣ ኦክላንድ ሐይቁ ዳር የቆመ መኪናዋ መስታወት ተሰብሮ ቦርሳዋ ተወሰደ። ላፕቶፑ እዚያ ውስጥ ነበር። ለመጠባበቂያ የገለበጠችበት ዲስክም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ይህን ሞኝነቷን ለማንም አልተናገረችም። ቤይ ኤርያ ውስጥ መኪናው ተሰብሮበት የማያውቅ ሰው ቢኖር መኪና የሌለው ነውና፣ እሷም እንደ ሰው ሁሉ ዕድሌ ነው ብላ ተወችው። ስምንት ወር ሙሉ የሙዚቃ ማሽን አልነካችም።

አሁን ግን መሪውን በቡጢ መታችው። ሐዘን አልነበረም። ሰውየውን ታገኘዋለች። አግኝታም ብቻውን ጥግ አትይዘውም፤ ሊያጨበጭብለት በተሰበሰበ ሰው ፊት ነው የምታጋልጠው።

ከማን ትጀምር?

ላፕቶፕ ከሌባ እጅ ወደ ማንም እጅ ይሄዳል። ስሙ ግን አይሄድም። "መጋረጃ" የሚለው ስም ላፕቶፑ ውስጥ አልነበረም። የትም ጽፋው አታውቅም። ፋይሎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነበር የሚባሉት። ስሙን ለራሷ አውጥታ በአፏ ብቻ ነው የተናገረችው፤ ያውም ለሁለት ሰው።

ለምን ሌላ ስም አስፈለጋት? የራሷን ስም ብትጽፍ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቷ ነው። ሰረቀብርሃን የሚባል ሌላ ሰው በደብሩ የለም። የመሪጌታ ከበሮ ዳንስ ቤት ገባ የሚለው ወሬ አንድ እሁድ አያድርም። አባቷ ሠላሳ ዓመት ከቆሙበት ቦታ ዝቅ ብለው ሲቆሙ ማየት አልፈለገችም።

ሌባውም ይህንን ያውቃል። እንደማትጮህ ያውቃል። ይበልጥ ያንገበገባት ይኸው ነው።

*

ከሁለቱ የመጀመሪያው ህዝቅያስ ነው። ሳን ሆዜ በሚገኝ የአማርኛ ወንጌላዊት ጉባኤ ድምፅ ይቆጣጠራል። ድምፅ ማስተካከልን ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሙዚቃ ከበሮ እንዲያጠራላት በፍላሽ ሰጥታው ነበር፤ እሱ ግን ለምን እንደፈለገችው ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ተጨቃጨቁ። ከዚያ ወዲያ አልተገናኙም።

ረቡዕ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ አዳራሹ ድረስ ሄደች። መድረኩ ላይ ሽቦ እየጠቀለለ አገኘችው።

"ፌብሩዋሪ ስምንት የት ነበርክ?"

"እንዴ! ሰላምታስ?"

"የት ነበርክ ህዝቅያስ?"

"ቅዳሜ ነው? ፍሪሞንት ሰርግ ነበረን፣ ቀኑን ሙሉ ሚክሰሩ ላይ ነበርኩ። ምን ሆነሻል?"

"የመጀመሪያው ሙዚቃዬ ከበሮ አንተ ጋ አለ።"

"አለ። አንቺው ሰጥተሽኝ። አጥርቼ ኮል ባደርግልሽ መች አነሳሽ?"

ስልኳን አውጥታ የመጋረጃን አልበም ከፈተችለት። ህዝቅያስ አሥር ሰከንድ እንኳ ሳይሰማ እጁን አነሳ።

"አቁሚው። ሰማሽው?"

"ምኑን?"

"ፍሪጁን! የቤተክርስቲያናችሁ ምድር ቤት ያለው ፍሪጅ፤ ከሥር እምምም እያለ። እኔ እሱን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።" ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱን ቅጂ አጫወተላት። ከበሮው ብቻ፣ ከሥሩ ምንም የለም። "እስቲ ፍረጂ። ልሰርቅሽ ብፈልግ ንጹሑን ትቼ ቆሻሻውን ነው የምሰርቀው? ሲያሳፍር!"

ተቆጥቷል። የተቆጣው በሌብነት ስለተጠረጠረ ይሁን በመጥፎ ድምፅ ስለተጠረጠረ መለየት ያስቸግራል። ብሩክታዊት ግን ገባት። የወጣው ያልተጠራው ነው። ስምንቱም ሙዚቃ ተሟልቶ የነበረው ደግሞ ላፕቶፑና ዲስኩ ላይ ብቻ ነው። አልበሙን ያወጣው ሰው ቦርሳዋን ይዟል፤ ስሙንም ያውቃል። ህዝቅያስ አይደለም።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው።

"ቅጂዬን ውሰጂ። ይጠቅምሻል። ስለ ዳንስ ቤቱ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ እንዳትሳሳቺ።"

አንድ ሰው ቀረ። ማቲ።

*

ማቲ ሳን ሆዜ ተወልዶ ያደገ ነው። ቀን ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ኦክላንድ ሙዚቃ ያጫውታል። የመጀመሪያዋን የከበሮ ማሽን ያዋሳት እሱ ነው። ያን ቅዳሜም ሐይቁ ዳር ካለው ምግብ ቤት አብረው ተቀምጠው ነበር።

ወደ ኦክላንድ ስትመለስ አውራ ጎዳናው ተጨናንቆ ቆሞ ነበር። ቆማ አሰበች። ያን ቀን ማቲ "ስልኬን መኪናዬ ውስጥ ረሳሁት" ብሎ ወጣ። ሲመለስ የቀኝ እጁን ጣት በናፕኪን ጠቅልሎ ነበር። "በር ቆረጠኝ" አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አብረው ሲወጡ መኪናዋ ተሰብሯል። ማቲ ከሷ በላይ ተናደደ። የመስታወት ስብርባሪውን ከወንበሩ ላይ በእጁ ጠረገላት። ጣቱ ሲደማ ያየችው ያኔ ስለነበረ፣ ናፕኪኑን ረስታ መስታወቱ ነው የቆረጠው ብላ ከመኪናዋ ፕላስተር አውጥታ ለጠፈችለት። እየነፋችለት ነበር የለጠፈችው!

ለካ ጣቱ ቀድሞ ነው የደማው። ሌባዋን አክማ ነው የላከችው።

ሐሙስ ከሥራ መልስ አልበሙን ያሳተመችው ቤዚ ጋ ሄደች። ቤዚ ኦክላንድ ውስጥ ትንሽ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ አላት፤ አንገቷ ላይ ጆሮ ማዳመጫ የማይጠፋ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ብሩክታዊት ሁሉንም ነገረቻት፤ የህዝቅያስንም ቅጂ አሰማቻት።

"ማቲ ነው" አለች በመጨረሻ።

"ስሙን ላልናገር ፈርሜያለሁ" አለች ቤዚ። ዓይኗ ግን ወደ መሬት ወርዷል።

"ታዲያ አታምኚኝም?"

"ማመን ሌላ፣ ፕሩፍ ሌላ። ፋይል ላይ ያለ ቀን ማንም ይቀይረዋል። ጣት ቆስሎ ነበር ማለትም ወሬ ነው። እሱ ከበሮውን ቸርች ሄጄ ራሴ ነው የቀዳሁት ይላል። ይኸው፣ ሽፋኑ ላይ አጽፎታል።"

ሸክላውን አገላብጣ ሰጠቻት። ከጀርባው በእንግሊዝኛ ተጽፏል፦ ከበሮው እሑድ ማርች አሥራ ስድስት፣ ኦክላንድ በሚገኘው ቤተክርስቲያናችን፣ ከቅዳሴ በኋላ በመጋረጃ የተቀዳ ነው። አጠገቡ የቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ቀኑ ታትሟል።

ብሩክታዊት ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በጣቷ ሳምንቱን ቆጠረች። ከዚያ ሳቀች፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ምን ያስቅሻል?"

"ቅዳሜ ሰው ጥያቄ መጠየቅ ይችላል?"

"ኪው ኤንድ ኤ አለ። ማንም ይችላል።"

"እንግዲያው ለሱ ምንም አትንገሪው።"

ቤዚ አሰበች። "ሌባ ከሆነ እኔንም አዋርዶኛል" አለች። "አልነግረውም።"

*

የቀረው ከባዱ ነው። ጠያቂው እሷ ብትሆን ማንም አይሰማትም። መጠየቅ ያለበት ከበሮውን የመታው ሰው ነው።

መሪጌታ ሰረቀብርሃን በሥራ ቀን ፍሪሞንት ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ። ዓርብ እለት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆመው ተሳፋሪ ሲጠብቁ አገኘቻቸው። አውቶቡሱ ባዶ ነበር።

"አባባ፣ አንድ ነገር ላሰማዎት።"

ስልኳን ከአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችው። የመጀመሪያው ምት ሲወጣ የመሪጌታ ጣቶች መሪው ላይ ሳያውቁት አብረው መቱ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ከዚያ "እህም" አለ፤ ጣታቸው ቆመ።

እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ይህ ለሰንበት ተማሪዎች ማስተማሪያ ነው ብለሽ የቀዳሽኝ አይደለም?"

"ነው አባባ።"

"ታዲያ ተማሪዎቹ የት አሉ?"

ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አልበሙን፣ ስሙን፣ መኪናውን፣ ማቲን፣ የነገውን ዝግጅት። መሪጌታ አላቋረጧትም።

"እንግዲህ የተሰረቀው ማነው?" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?"

ሸክላውን አውጥታ ጀርባውን ሰጠቻቸው።

"ቀኑን ያንብቡት።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ማርች አሥራ ስድስት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለሱት ነው። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ሊጠርጉት ሲሉ ጋቢ እንዳልለበሱ ትዝ አላቸውና በጃኬታቸው ጠረጉት።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

*

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤዚ ሱቅ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መድረክ ቢጤ ተሠርቶ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ሰው በስልኩ እየቀረጸ ይቆጥራል። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ!

ማቲ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ጭብጨባው ሱቁን አናወጠው።

ብሩክታዊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ማቲ ተመለከታት። ለአንድ አፍታ ዓይኑ ተርገበገበ፤ ከዚያ ፈገግ አለላት። አትናገርም ብሎ ተማምኗል። አጠገቧ ግን የአውቶቡስ ጃኬታቸውን የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን አላስተዋለም።

ቤዚ ማይክ ይዛ "ጥያቄ" አለች። መሪጌታ ተነሡ።

"የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ከበሮውን ራስህ ነህ የቀዳኸው?"

ቤዚ ለተሰበሰበው ሰው በእንግሊዝኛ ተረጎመችው። ማቲ አሁን አወቃቸው፤ ግን ፈገግታው አልጠፋም። እንዲያውም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"አዎ መሪጌታ። ማይሴልፍ። በስልኬ።"

"መች ነው?"

"ማርች ሲክስቲን። ሰንዴይ። ፎቶ አለኝ፣ ከሽፋኑ ላይ አለ።"

"ከቅዳሴ በኋላ?"

"የስ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሰው እልል እያለ፣ ኢት ዋዝ ቢውቲፉል።"

"ስንት ከበሮ ነበር?"

"ቱ። ኖ፣ ሦስት።"

"እኔስ ነበርኩ?"

"እርስዎ ነዎት እኮ የሚመቱት! አይ ሪሜምበር።"

ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሀበሻ እናቶች ተያዩ። አንደኛዋ አፏን በእጇ ያዘች።

መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ያ እሑድ መጻጉዕ ነው" አሉ። "የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽልም አይነሣም። ጾሙ ሲገባ ሸፍኜ ዕቃ ቤት የምቆልፈው እኔ ነኝ። ቁልፉ ይኸው።" ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩ። "ሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ ሳላጓድል። ያን ቀን ከበሮ የሰማ ሰው የለም፤ የመታም የለም። አንተ እናትህን ደጃፍ አድርሰህ ፎቶ ተነሥተህ ሄደሃል። ስትሄድ አይቼሃለሁ።"

ቤዚ ተረጎመችው። ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳታስቀር። ስልኮቹ ሁሉ እየቀረጹ ነው።

"ሜይቢ ቀኑ ስህተት ነው" አለ ማቲ። "አይ ሚን፣ ሌላ ሰንዴይ ሊሆን..."

"ፎቶው አለኝ አልክ እኮ" አለች ብሩክታዊት ተነሥታ። "የቀኝ እጅህን ጣት አሳያቸው።"

"ዋት?"

"ጠባሳውን! መኪናዬ ተሰብሮ ላፕቶፔ በተሰረቀ ቀን፣ ወጥተህ ስትመለስ ጣትህ ደምቶ ነበር። መስታወቴን የጠረግክልኝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ፕላስተር የለጠፍኩልህ እኔ ነኝ። 'መጋረጃ' የሚለውንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የነገርኩህም እኔ ነኝ። የኔ ያልሆነ አንድ ነገር እዚህ ሸክላ ላይ ካለ አውጣና አሳየኝ!"

ማቲ ጣቱን ጨበጠ። ያ መጨበጡ ነው ሁሉን የጨረሰው።

"ልትደብቂው ነበር!" ብሎ ጮኸ። "ስምሽን ልታደርጊበት አልነበረም! ኖባዲ ዋዝ ጎና ኖው! ታዲያ እኔ ብሆን ምን ቸገረሽ?" ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ። "ለበርዝደይ ፓርቲዬ፣ በጓደኞቼ ፊት፣ ምን አልሽኝ? 'አንተ የሰው ሥራ አጫዋች ነህ፣ የራስህ የሆነ አንዲት ምት የለህም' አላልሽም? ሁሉም ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ።"

ብላለች። እየሳቀች ነው ያለችው። ረስታው ነበር። አሁን ትዝ ሲላት አዘነችለት? አላዘነችለትም። ሲያጨበጭቡለት የነበሩት ሰዎች መንገድ ሲለቁለት አየች፤ ደስ አላት። ከሰኞ ጀምሮ የፈለገችው ይህንን ነበር፤ አገኘችው።

ቤዚ ማይኩን አስቀመጠች። "አልበሙ ዛሬውኑ ከገበያ ይወርዳል" አለችው። "ላፕቶፑንና ዲስኩን ታመጣለህ። የቀረውን ለፖሊስ ትነግራለህ።"

ማቲ ወደ በሩ ሄደ። በሩን ግን አልከፈተም፤ መሪጌታ መናገር ጀምረዋልና።

"ብሩክታዊት። ነይ ወደዚህ።"

ሄደች። ሰው ሁሉ ያያል።

"አንቺስ መች ነው የቀዳሽው?"

ማቲን የጠየቁበት ድምፅ ነው፤ ከፍም ዝቅም አላለም።

"የዛሬ አምስት ዓመት፣ ጥር አሥራ ሦስት። ከጥምቀት በኋላ።"

"ምን ብለሽኝ?"

"ለሰንበት ተማሪዎች ማስተማሪያ ነው ብዬ።"

"እውነት ነበር?"

"አይ። ዋሽቼዎት ነው አባባ።"

ማቲ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ይስማ። ቤዚ ይህን አልተረጎመችውም፤ ግን የተረዳው ብዙ ነው። ብሩክታዊት መሬቱ ቢከፈትላት ትገባ ነበር።

"ነገ እኔ እዚህ መምጣቴ ይሰማል" አሉ መሪጌታ። "እጠየቃለሁ። የምመልሰውን አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ልጆቹን ታስተምሪያለሽ፤ በዚሁ በቀዳሽው። ያልሽው ነገር ውሸት ሆኖ አይቀርም።"

"እሺ አባባ።"

ማቲ በሩን ከፍቶ ወጣ። ዞሮ ያየው ሰው አልነበረም።

ቤዚ አንዱን ሸክላ አገላብጣ፣ የተጻፈውን ቀን በእስክሪብቶ ሰረዘችና ለብሩክታዊት አቀበለቻት። "ሽፋኑ እንደገና ይታተማል። 'መጋረጃ' የሚለውን ትፈልጊዋለሽ? ስሙ ያንቺ ነው።"

"አልፈልገውም።"

"እንግዲያው የሚታተመውን ስም ጻፊልኝ።"

ብሩክታዊት እስክሪብቶውን ያዘች። አባቷን በጎን አየቻቸው፤ ነገ የሚጠብቃቸውን አሰበች። ጎንበስ ብላ "ብሩክታዊት" ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

"አባት የለሽም እንዴ?" አሉ።

እስክሪብቶውን እንደገና አነሣችና "ሰረቀብርሃን" ብላ ጨመረችበት።